ከሞዴሉ ሥር ያለው መሬት

በወጣቶች ኅብረታችሁ ውስጥ አንድ ወንድም አለ እንበል። ከትምህርትና ከመዘምራን ልምምድ በሚተርፈው ሰዓት የጦር አውሮፕላን ሞዴል ይሠራል። ዘመድ ከውጭ የላከለትን ሳጥን ከፍቶ ክፍሎቹን በምላጭ ይለያል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በወረንጦ እያነሣ በሙጫ ያያይዛል፣ ቀለም ይቀባል። ከሁለት ወር በኋላ ሥራውን ለማሳየት ወደ ኅብረቱ ይዞት ይመጣል። አንዱ፣ “እንዴት ያምራል!” ይላል። አንዲት እህት፣ “ይህ እኮ የሰው መግደያ ነው፤ በአማኝ ቤት ምን ይሠራል?” ትላለች። ሌላው ደግሞ፣ “ፕላስቲክ ነው፤ ምን ታካብዳላችሁ?” ብሎ ይስቃል። እናንተ በዚያ ብትኖሩ ከየትኛው ጋር ትቆሙ ነበር?

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። ከሥሩ ግን ሰፋ ያለ ጥያቄ አለ፦ ለመግደል የተሠራን ነገር በውበቱና በጥበቡ መውደድ ይቻላልን? እጃችን በጥንቃቄ የሚሠራውን ነገር ልባችን ምን ያህል ሊያውቀው ይገባል? ይህ ጥያቄ ሞዴል የሚሠሩትን ጥቂቶች ብቻ የሚመለከት አይደለም። ነገ መሐንዲስ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ለምትሆኑት ሁሉ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው

በጥቅሉ ብቻ እንዳንነጋገር አንድ እውነተኛ አውሮፕላን እንውሰድ። ሞዴል ሠሪዎች ከሚወዷቸው አንዱ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ 87 ነው። ዓለም የሚያውቀው “ሽቱካ” በሚለው አጭር ስሙ ነው፤ ቁልቁል ተወርውሮ የሚዋጋ አውሮፕላን ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ሥራው ከከፍታ ላይ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ጭልፊት ጫጩት ላይ እንደሚወርድ ወርዶ፣ ቦምቡን ዒላማው ላይ መጣል ነበር። ክንፎቹ ከአካሉ ሲነሡ ወደ ታች ዘቅዘቅ ብለው እንደገና ወደ ላይ ይቃናሉ። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ አይታጠፉም። ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡበታል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው ከሌላ አውሮፕላን ጋር አያምታታውም።

ሞዴል የሚሠራው በልኬት ነው። 1፡48 ማለት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 48 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሁሉ ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የሽቱካ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13.8 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1፡48 ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ጥሩ ሞዴል ሠሪ በልኬት አይቀልድም። የቆርቆሮውን መጋጠሚያ መስመር ሳይቀር ይፈትሻል፤ ቀለሙን ከድሮ ፎቶግራፎች ጋር ያስተያያል፤ የተጣመመውን ነቅሎ እንደገና ይለጥፋል። ይህን ትዕግሥት አንናቀው። በዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ የእጅ ጥበብ እንደሰጠው እናነባለን። የሚጠነቀቅ እጅ ስጦታ ነው።

“ፕላስቲክ ነው” ላለው ወንድም ሥራው ራሱ መልስ ይሰጠዋል። ፕላስቲክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ቀለሙ ዓይነት ማን ሌሊት ይቀመጥ ነበር? ሠሪው የሚጨነቀው ሞዴሉ በእርግጥ ስለ ነበረ ነገር ስለሚናገር ነው። ሞዴል ንግግር ነው፤ “ነገሩ እንዲህ ነበር” ይላል። ንግግር ከሆነ ደግሞ እውነት ሊናገር ይችላል፤ ግማሽ እውነት ሊናገርም ይችላል። እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሦስት ትንንሽ ክፍሎች

ከሽቱካ ክፍሎች ሦስቱን ብቻ እንይ።

የመጀመሪያው መስኮት ነው። በአብራሪው እግሮች መካከል፣ ወለሉ ላይ፣ ወደ ታች የሚያሳይ መስኮት ነበር። አብራሪው ከመወርወሩ በፊት ዒላማው ከሥሩ መድረሱን የሚያየው በዚያ ነበር።

ሁለተኛው መስመሮች ናቸው። በአብራሪው ጎን ባለው መስተዋት ላይ የማዕዘን መስመሮች ተሰምረው ነበር። አብራሪው መስመሮቹን ከአድማስ ጋር እያስተያየ በስንት ዲግሪ እየወረደ እንዳለ ያውቅ ነበር። ሞዴል ሠሪው እነዚህን መስመሮች እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ይዞ ያሰምራቸዋል።

ሦስተኛው በጎማው እግር ፊት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ፕሮፔለር ናት። በ1፡48 ሞዴል ላይ ከጥፍር ብዙ አትበልጥም። ይህች ክፍል አውሮፕላኑን አታበርርም፤ ሞተሩ በፊት ለፊት የራሱ ትልቅ ፕሮፔለር አለው። ቦምብ ለመጣልም አትረዳም። እንዲያውም ከነፋስ ጋር ስለምትታገል ፍጥነት ትቀንስ ነበር፤ ኋላ ላይ ከአውሮፕላኖቹ እንድትነሣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሳይረን ነበረች። አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲወርድ በነፋሱ እየተሽከረከረች ትጮኻለች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር፦ በታች ያለውን ሰው ማስፈራት።

እስቲ ወንድማችንን በዚያች ሰዓት አስቡት። ወረንጦው ጫፍ ላይ ያቺን ክፍል ይዟል፤ ሙጫው እስኪደርቅ ትንፋሹን ውጧል። እየለጠፈ ያለው ምንድን ነው? ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ሌላ ሥራ ሊኖራቸው ይችል ነበር፤ ክንፍ መንገደኛም ይሸከማል፣ ሞተር መድኃኒትም ያደርሳል። ይህች ግን ከሰው ፍርሃት በቀር ሌላ ሥራ የላትም። “ምን ትመስላለች?” ብቻ ብሎ ከጠየቀ ትንሽ ፕሮፔለር ናት። “ለምንድን ነው የተሠራችው?” ብሎ ከጠየቀ ግን ወዲያው በታች ያሉ ሰዎች ይታዩታል።

መለከቱና ረዓብ

ይህ ሳይረን የሚታወቅበትን ስም ስትሰሙ ትደነግጡ ይሆናል። “የኢያሪኮ መለከት” ይባላል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት የሰማነው ታሪክ፣ የሽብር መሣሪያ መጠሪያ ሆነ።

ልባም አንባቢ እዚህ ላይ፣ “በኢያሱ 6ም እኮ ከተማዋ ጠፍታለች፤ ሰዎቿም ሞተዋል” ሊል ይችላል። እውነት ነው። ያ ምዕራፍ ከባድ ነው፤ በአንድ አንቀጽ ላቀልለው አልሞክርም። ነገር ግን ታሪኩ የተነገረበትን መንገድ ልብ በሉ። መለከቱ ከመነፋቱ አራት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ከቅጥሩ ውስጥ እንገባለን። ቤት እናያለን፤ ጣሪያ እናያለን፤ ቀይ ፈትል የሚታሰርበት መስኮት እናያለን። ስለ አባቷ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ወንድሞቿና ስለ እኅቶቿ ሕይወት የምትለምን አንዲት ሴት እንሰማለን። ስሟ ረዓብ ነው። ቅጥሩ ከመውደቁ በፊት አንባቢው ከቅጥሩ ውስጥ ያለ ሰው በስሙ ያውቃል። ማቴዎስም በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህን ስም በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ አስገብቶታል።

ለሳይረኑ ስም ያወጡለት ሰዎች ከዚህ ታሪክ መለከቱን ወሰዱ፤ ረዓብን ተዉአት። ይህ አደጋ በእነርሱ ብቻ የቀረ አይመስለኝም። እኛም ከጦርነት ታሪክ ውስጥ ድምፁን፣ ፍጥነቱንና ድፍረቱን ወስደን መስኮቷ ላይ ፈትል ያሰረችውን ሴት መተው እንችላለን።

ሳጥኑ ውስጥ የሌለው

በሽቱካ ሞዴል ሳጥኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድላል። እውነተኛው አውሮፕላን ጭራው ላይ የናዚዎች ምልክት፣ ስዋስቲካ፣ ነበረበት። በጀርመን ይህን ምልክት በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ አንዳንድ ሞዴል አምራቾች ጨርሰው ይተዉታል፤ አንዳንዶቹም ለሁለት ከፍለው ያትሙታል። ሕጉ በቂ ምክንያት አለው። ነገር ግን ጭራው ንጹሕ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አውሮፕላኑም የነጻ ሊመስለን ይችላል። ምልክቱ መቅረቱ ታሪኩ እንዲቀር ምክንያት አይሁን።

ከምልክቱ የሚበልጥ ሌላ የሚጎድል ነገር አለ፤ እርሱን ግን የትኛውም ሕግ አልከለከለውም። መሬቱ ነው።

ልኬቱን ካከበርን እስከ ታች እናክብረው። ሽቱካ መወርወር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ4,000 ሜትር በላይ ነበር። 4,500 ሜትር ብንል፣ በ1፡48 ልኬት 94 ሜትር ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አስቡ፤ ቁመቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ሞዴሉን ከዚያ ሕንፃ አጋማሽ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በመስኮት አውጥታችሁ ያዙት። ከተማዋ ያለችው ከሥር፣ መንገዱ ላይ ነው። በዚህ ልኬት 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ቁመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ከአውራ ጣታችሁ ያንሳል። አንድ ሕፃን ደግሞ ከጣታችሁ አንድ አንጓ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ከፍታ ሆናችሁ ታዩታላችሁ? አታዩትም ማለት ይቻላል። የአብራሪው ችግርም ይኸው ነበር፤ ሰው አይታየውም ነበር። የሞዴል ሠሪው ችግር ደግሞ ይከፋል፤ ጠረጴዛው ላይ መሬቱ ራሱ የለም።

ያ መሬት ግን ስም አለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939 ማለዳ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ በጀመረበት ዕለት፣ ሽቱካዎች ቪየሉን የምትባል የፖላንድ ከተማ ደበደቡ። ከተመቱት መካከል የከተማዋ ሆስፒታል ይገኝበታል። የከተማዋ መሐል አብዛኛው ፈረሰ። የሽቱካን የሞተር ዓይነትና የቦምብ ጭነት በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቪየሉን የሚለውን ስም ሰምቶ ካላወቀ፣ ስለ ሽቱካ የሚያውቀው ግማሹን ነው።

“ፖላንድ ከእኛ ምን አላት?” አትበሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ተመትቷል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን፣ በገበያ ቀን፣ በሕዝቡ ላይ የመጡት ግን የባዕድ አልነበሩም፤ የገዛ ሀገራችን ሚጎችና ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። የሚግ ሞዴልም በሳጥን ይሸጣል፤ እርሱም ያምራል። በጉባኤያችን መካከል የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ ከማየት ይልቅ ዛሬም ልቡ የሚመታበት ሰው ሊኖር ይችላል። ወንድማችን ሞዴሉን ይዞ ሲገባ “ይህ የሰው መግደያ ነው” ያለችው እኅት ምናልባት የምታውቀው ነገር ይኖራል። ከመመለሳችን በፊት እንስማት።

ሥራን በደንብ መሥራት ይበቃል ወይ?

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ እንምጣ። ሳጥኑ ላይ የሰው ስም አለ፦ ዩንከርስ። ሁጎ ዩንከርስ ከብረት የተሠሩ አውሮፕላኖችን በማበጀት ከቀደሙት መሐንዲሶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 የበረረው ኤፍ 13 የተባለው አውሮፕላኑ መንገደኞችን እንዲያመላልስ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አንዱም የዚሁ ድርጅት ሥራ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ዩንከርስ የፈጠራ መብቶቹንና ድርጅቱን እንዲያስረክብ አስገደዱት። እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ላይ ሞተ፤ ሽቱካ የበረረው በዚያው ዓመት፣ እርሱ ከሞተ ከወራት በኋላ ነው። ስሙ እርሱ ባልመረጠው ሥራ ላይ ቀረ።

ድርጅቱ ውስጥ የቀሩት መሐንዲሶች ግን ሥራቸውን በደንብ ሠሩ። ከጥበባቸው አንዱን ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ ቁልቁል ወርዶ ሲቃና በአብራሪው ሰውነት ላይ የሚጫነው ኃይል ራሱን ሊያስተው ይችላል። ስለዚህ አብራሪው ራሱን ቢስትም አውሮፕላኑን መልሶ ወደ ላይ የሚያቃና መሣሪያ ገጠሙለት። ይህ የሰውን ሕይወት የሚያድን ብልህ ሥራ ነው። በዚያው አውሮፕላን እግር ላይ ደግሞ በታች ያለውን ሰው የሚያስደነግጠው ሳይረን ተገጠመ። ላይ ላለው አንድ ሰው ይህን ያህል አሳብ፤ ታች ላሉት ግን ጩኸት። ሁለቱም በጥንቃቄ ተለክተው፣ ተፈትሸው የተሠሩ ናቸው።

ወጣቶች ሆይ፣ “ድርሻህን በደንብ ሥራ” የሚለው ምክር መልካም ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ቆላስይስ 3 የምንሠራውን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምንሠራ አድርገን በትጋት እንድንሠራ ያስተምረናል። ትጋቱን ይዘን ጌታን ከተውነው ለማንም ጌታ የሚያገለግል ንጹሕ ሥራ ብቻ ይቀረናል። ለጌታ የሚሠራ ሰው ሥራው ማን ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱም በታች ያለውም የጌታ ነው። ነገ አለቃችሁ ትንሽ ክፍል ይሰጣችኋል፤ አንዲት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አንድ የሒሳብ ሰንጠረዥ፣ አንድ ደብዳቤ። ትንሽ ስለሆነች “ለምን?” ብሎ መጠየቅ የማያስፈልግ ይመስላችኋል። ያቺ የሳይረን ፕሮፔለርም ትንሽ ነበረች።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ታዲያ ሞዴሉን እናቃጥለው? አይመስለኝም። ብናቃጥለው የሚጠፋው ፕላስቲኩ ነው፤ አለመጠየቅ የሚባለው ልማድ ይተርፋል። በሺዎች ከተሠሩት ሽቱካዎች ሙሉ ሆነው ከተረፉት አንዱ በለንደን በእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም፣ ሌላው በቺካጎ በሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ይገኛል። ሽቱካን ያሸነፉት ሀገሮች ሁሉንም አላቀለጡም፤ ሰው መጥቶ እንዲያየው አቆሙት። ማየት በራሱ ክፉ አይደለም። “እንዴት ያምራል!” ያለውም አልዋሸም፤ መልኩ የሚስብ ሆኖ ሳለ አላማረም ማለት ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። የውበቱን ማማር ተናግሮ እዚያ ላይ ማቆም ነው ጉድለቱ።

እንግዲህ ይህን ሥራ የምትወዱ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከመለጠፋችሁ በፊት ሥራውን ጠይቁ፤ መልሱ ከከበዳችሁ ወረንጦውን አስቀምጡና ቆዩ። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ ካጠቃቸው ቦታዎች የአንዱን ስም ፈልጉ፤ የቀለሙን ዓይነት ለመፈለግ የወሰዳችሁትን ያህል ጊዜ ስጡት። ያንን ስም ሞዴሉ በሚቆምበት እንጨት ላይ ጻፉት። ሦስተኛ፣ ለሰው ስታሳዩ ስለ አውሮፕላኑ የተናገራችሁትን ያህል ስለ ቦታው ተናገሩ። ይህን ማድረግ ደስታችሁን ፈጽሞ የሚያጠፋው ከሆነ፣ ደስታው ከምን ይመጣ እንደነበር ራሳችሁን መርምሩ። የማያጠፋው ከሆነ ደግሞ ሥራችሁ የተሟላ እውነት ተናጋሪ ሆኗልና ቀጥሉ።

ሞዴል ለማትሠሩትም ነገሩ ያው ነው። የጦርነት ፊልም ስታዩ፣ በስልካችሁ ጌም ስትጫወቱ፣ በዜና ከላይ የተነሣ ምስል ላይ ጭስ ቦግ ሲል ስታዩ፣ ዓይናችሁ ከላይ ሆኖ እንዲያይ እየሠለጠነ ነው። ከላይ ማየት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታችንም ከላይ አይቷል። ሉቃስ በምዕራፍ 19 እንደጻፈው፣ ከደብረ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሆኖ ኢየሩሳሌምን ሲያያት ጠላቶቿ እንደሚከቧት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀርባት ያውቅ ነበር። ከፍታውም ነበረው፤ ከተማዋም በሙሉ ከፊቱ ነበረች። ልጆቿንም አሰበ፤ አለቀሰላትም።

እንደ እርሱ የሚያይ ዓይን ይስጠን።